ባዶው ጥይት

«ተኩሺ እንጂ! ተርኪው በእርጅና እስኪሞት ነው የምትጠብቂው?» አለ ዌይሎን ከኋላዋ።

ሬቫ የጠመንጃውን ሰደፍ ትከሻዋ ላይ አጥብቃ ጉንጯን አስደገፈች። ከፊቷ የሣር ክምር አለ፤ ክምሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ላይ ደግሞ አያቷ በቀይ ቀለም የሣሉት የተርኪ፣ የዚያ ትልቅ የዱር ወፍ፣ ራስና አንገት። ሥዕሉ ተርኪ ከመምሰል ይልቅ ጉንፋን የያዘው ሰባኪ ይመስላል። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን ቃታው ላይ ያረፈው ጣቷ የራሷ አልመስል ብሏታል።

ሳበችው።

በቅሎ የረገጣት መሰላት። ሰደፉ ትከሻዋን መትቶ ወደ ጉንጯ ነጠረ፤ ወደኋላ ተንገዳግዳ መሬት ላይ ዘጭ ልትል ምንም አልቀራትም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከሸለቆው ማዶ፣ ከጉብታው ጫፍ፣ አንድ አውራ ተርኪ ጉሮሮውን እያርገበገበ ለተኩሱ መልስ ሰጠ። በሚያዝያ አውራዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ነጎድጓድም ይሁን የመኪና በር፣ ከፍ ያለ ድምፅ ከሰሙ ዝም ብለው አያልፉም።

«ሰማሽው? ሙድ እየያዘብሽ ነው» አለ ዌይሎን።

አያታቸው ኦርቪል ሄደው ወረቀቱን አይተው ተመለሱ። «ተርኪው ደህና ነው። ሣሩን ግን ጨርሰሽዋል» አሉ። ከዚያ አገጯን ይዘው ጉንጯን አገላብጠው አዩት። «አመመሽ?»

«አላመመኝም አባባ።»

ውሸቷን ነው። ይልቅስ ያመማት ጉንጯን ብቻ በሆነ! ሬቫ ፈርታለች። ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ይለቀኛል ብላ ስትጠብቅ፣ በተኮሰች ቁጥር እየባሰባት ሄደ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ የሬቫ ፍርሃት ደግሞ ነገ በማለዳ ነበር የሚደርሰው። ነገ ቅዳሜ የታዳጊዎች አደን ይከፈታል፤ ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ አይተኩስም። ሬቫ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ገና ብዙ ጊዜ አላት። ወንድሟ ዌይሎን ግን አሥራ አምስቱን ሊጨርስ ነው፤ እስካሁን አንድም ተርኪ አልጣለም። የዘንድሮው የመጨረሻው ነው።

ከአያታቸው የጭነት መኪና ኋላ በተዘረጋው መዝጊያ ላይ ሁለት ጠመንጃዎች ነበሩ። የጠመንጃ ባለሱቁ የአያታቸው የድሮ ወዳጅ ስለሆነ፣ እስከ ማታ ሞክረው አንዱን እንዲያስቀሩ ሁለቱንም ሰጥቷቸዋል። ሁለቱም ቀላል ናቸው፤ ሁለቱም ከአፈሙዙ ሥር ያለው መያዣ ወደኋላና ወደፊት ሲሳብ ቀለሃውን ተፍተው አዲስ ጥይት የሚጎርሱ ናቸው። አንደኛው ሰፊ አፈሙዝ አለው፤ ላዩ ላይ ቅጠልና ቅርንጫፍ ተሥሎበታል፤ ሲያነሱት ላባ ነው። ሌላው ጠባብ አፈሙዝ ያለው፣ አጠር ያለ፣ ቡናማ እንጨቱ ምንም ጌጥ የሌለው ነው። ሬቫ የአደን ትምህርቷን ስላለፈች ምርጫው የእሷ ነው ብለዋል አያቷ። የተመረጠውን ግን ዌይሎንም ይጠቀምበታል፤ ዓምና የተኮሰበትን ጠመንጃ ባለቤቱ አጎታቸው ይዞት ሄዷል።

ዌይሎን ከጠዋት ጀምሮ ባለቅጠሉን ምረጪ እያለ ጠምዷታል። ትንሹን ደግሞ «የሕፃን መጫወቻ» ብሎ ስም አውጥቶለታል።

«ቀላል መሆኑ ጥሩ ነው» አሉ አያታቸው፣ ባለቅጠሉን ተቀብለው ባዶ መሆኑን እያረጋገጡ። «በጨለማ ያን ዳገት ስትወጡ ታመሰግኑታላችሁ። ግን ትልቅ ጥይት በቀላል ጠመንጃ ሲተኮስ ትከሻ ነው የሚከፍለው። እስኪ ሌላ ወረቀት ላምጣ። እስክመጣ ማንም እንዳይነካ!» ወደ ጎተራው ሄዱ።

እሳቸው ራቅ ሲሉ ዌይሎን ተጠግቶ የሬቫን የጆሮ መከላከያ በአንድ ወገን ከፍ አደረገው። ለዓይኑ መከላከያ ያደረገው ጥቁር መነጽር ነው፤ የሬቫ ግን ዓይን የሚያሳይ ነጭ መስታወት ነው።

«ስሚ፣ አታካብጂ። ዘዴ አለው» አለ በሹክሹክታ። «አነጣጥሪ፣ አነጣጥሪ፣ ከዚያ ልትስቢ ስትይ ዓይንሽን ጨፍኚ። ካላየሽው አያስፈራም።»

«ጨፍኜ?»

«ለቅጽበት ነዋ! እኔ ሁሌም እንደዛ ነኝ። ማን አወቀብኝ?» መነጽሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ለአባባ እንዳትነግሪ ብቻ።»

ሬቫ ደስ ሊላት ነበር። የምትፈራው እሷ ብቻ አይደለችም ማለት ነው። ያ ሁሉ ጉራ እንግዲህ ከጥቁር መስታወት ጀርባ ተጨፍኖ ኖሯል።

አያታቸው ወረቀትና ምስማር ይዘው ተመለሱ። ምስማሩን የያዙት በአሮጌ ፔርሙስ ውስጥ ነው። ፔርሙሱ ሆዱ ላይ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለችው። ዓምና ዌይሎን ከትልቁ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲተኩስ፣ አያታቸው ከግራው ፈንጠር ብለው ተቀምጠው የሴቷን ድምፅ እያስመሰሉ ተርኪውን ይጠሩ ነበር፤ ፔርሙሱም ጉልበታቸው አጠገብ ነበር። ተርኪው በቀኝ በኩል አመለጠ። ከጥይቱ ከተበተኑት የእርሳስ ፍሬዎች አንዷ ግን በግራ በኩል ሄዳ ፔርሙሱን በሳችው። «ድንጋይ ነው ያነጠራት» አለ ዌይሎን ያኔ፤ አያታቸውም አመኑት፤ እንዲያውም ለጎረቤቱ ሁሉ እያሳዩ ሲስቁበት ከረሙ።

ሬቫ ቀዳዳዋን አየች። ከዚያ ወንድሟን አየችው። ከዚያ የአያቷን ጉልበት አየች።

ክው አለች። ዓምናም ጨፍኖ ነበር የተኮሰው። እስካሁን የፈራችው ለካ ምንም አልነበረም፤ ጉንጭ ቢያብጥ በበረዶ ይሻላል።

«ነይ፣ ተራሽ ነው» አሉ አያቷ። ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እንዳታይባቸው በሰውነታቸው ከልለው ባለቅጠሉን አጎረሱና ሰጧት።

ሬቫ አነጣጠረች። ሌላ ነገር ለማሰብ አቅም ስላልነበራት ወንድሟ ያላትን አደረገች፤ ዓይኗን ጨፍና ሳበችው።

ቀጭ።

ድምፅ የለም፤ ጭስ የለም፤ ትከሻዋንም የነካት የለም። ዓይኗን ስትገልጥ አፈሙዙ ወረቀቱን ትቶ ወደ መሬት አጎንብሷል። ዌይሎን ሆዱን ይዞ ሳቀ። አያቷ አልሳቁም። መያዣውን ወደኋላ ሳቡት፤ አንዲት ቀይ ጥይት ዘልላ ሣሩ ላይ ወደቀች። አንስተው አሳዩአት።

«ባሩድም እርሳስም የላትም፤ ባዶ ናት። አባቴ እኔን የፈተነኝ በእንዲህ ዓይነቷ ነው። ጠመንጃው አልመታሽም፤ አንቺ ግን ቀድመሽ ሸሸሽ። ዓይንሽስ?»

ሬቫ ወንድሟ እንዳትናገር ራሱን ነቅነቅ ሲያደርግ አየች። «ጨፍኜ ነበር» አለች።

«ደግ፣ አልዋሸሽም። መፍራት ነውር የለውም፤ እኔም ፈርቼ አውቃለሁ። ግን ስሚኝ፤ ጨፍኖ የሚተኩስ ሰው አፈሙዙ የት እንዳለ አያውቅም። ተርኪው የቆመው አንድ ቦታ ነው፤ ሰው ግን በየዛፉ ሥር ተቀምጧል።»

ከዚያ ትንሹን ሰጧት። ሬቫ ዓይኗን በልጥጣ ተኮሰች፤ ጓደኛ ገፋ እንደሚያደርገው ገፋት እንጂ አልረገጣትም። ወረቀቱ ሲበሳሳ በዓይኗ አየችው። ማዶ ያለው አውራ እንደ ልማዱ ጮኸ። ባዶዋ ስትመጣም አፈሙዙ ትንሽ ነቅነቅ አለ እንጂ አላጎነበሰም።

«የቱን?» አሉ አያቷ።

«ይኼን።»

«ወይ ፋራነት!» አለ ዌይሎን፣ ፊቱ ጠቁሮ።

ሬቫ ግን አንድ ተስፋ መጣላት። ትንሹ ካልተራገጠ፣ ምናልባት ዌይሎንም አይጨፍን ይሆናል። ምናልባት ለማንም መናገር አያስፈልጋት ይሆናል። «አባባ፣ ጨፍኖ መተኮስ የለመደ ሰው በዚህኛው ይጨፍናል?»

«ልማድ መች ጠመንጃ ይመርጣል? በአሻንጉሊትም ይጨፍናል። ተቀምጦ፣ ደጋግሞ፣ እስኪተወው መለማመድ ነው እንጂ» አሉና ባለቅጠሉን ለመመለስ ከሽፋኑ ከተቱት። «በሉ እንግዲህ፣ ነገ ቀድሞ የሚተኩሰው ዌይሎን ነው፤ የመጨረሻ ዓመቱ ነው። እንደ ዓምናው ከትልቁ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። እኔ ከግራው ሆኜ እጠራለሁ፤ አንቺ ከእኔ ጎን።»

ከእኔ ጎን። ነገ ማለዳ ፔርሙሱ የነበረበት ቦታ ላይ የእሷ ጉልበት ሊሆን ነው። ወይም የአያቷ ደረት።

አያታቸው ወረቀቱን ሊነቅሉ ሲሄዱ የወንድሟን እጅጌ ያዘች። «ንገራቸው።»

«አበድሽ እንዴ? የመጨረሻዬ እኮ ነው! አንዴ ብቻ፣ በናትሽ። ነገ አልጨፍንም።»

«ፔርሙሱ...»

«ድንጋይ ነው ያነጠራት አልኩሽ!»

«አይተሃል?»

ዌይሎን ጥቁር መነጽሩን አስተካከለ። ሬቫ ይህን ያህል ቀይ ሆኖ አይታው አታውቅም። ሊመታት ይሆን ብላ ፈራች፤ ደግሞ አንጀቷን በላት። እንደ ጉድ ይወዳታል፤ ብስክሌት ያስተማራት እሱ ነው፤ አሁን የምታደርገውን ካደረገች ምናልባት ዕድሜ ልኩን ይቅር አይላትም። ይህን ሁሉ አሰበች፤ አያቷ ግን ወረቀቱን ጠቅልለው እየመጡ ነበር።

«አባባ» አለች። ድምፅዋ ቀጠነባት። «ጠመንጃው የሁለታችንም አይደል? ዌይሎንም ይሞክረው። ባዶዋንም ይቀላቅሉለት።»

«ዌይሎንማ ያውቅበታል።»

«ይሞክረው» አለችና መነጽሯን አውልቃ ለወንድሟ ዘረጋችለት። «በዚህ።»

አያታቸው አንዴ እሷን፣ አንዴ ልጁን፣ አንዴ ነጩን መነጽር አዩ። ጀርባቸውን ሰጥተው አጎረሱ። ዌይሎን እምቢ ይላል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ግን ጥቁሩን አውልቆ የእሷን አደረገ። ጠመንጃውን ተቀበለ። አያታቸው እንደ ወትሮው ከኋላ ሳይሆን፣ ከጎኑ ሆነው ፊት ፊቱን እያዩት ቆሙ።

አነጣጠረ። ብዙ ቆየ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ ለራሱ አትጨፍን፣ አትጨፍን የሚል ይመስላል።

ቀጭ አለ። አፈሙዙ ከወረቀቱ ወደ ግራ ተወርውሮ ቆመ። ዌይሎን ከነጩ መስታወት ጀርባ ዓይኑን እንደጨፈነ ነው። አልገለጠውም። አያታቸው ቀስ ብለው ጠመንጃውን ከእጁ ወሰዱ፤ ያኔም አልገለጠው። ከሽፋሽፍቱ ሥር እንባ ወጣ።

ሽማግሌው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ከጉብታው ምንም ድምፅ አልመጣም።

«ነገ...» ብለው ጀመሩ፤ ቀሪውን መጨረስ አቃታቸው።

«አውቃለሁ» አለ ዌይሎን። መነጽሩን አውልቆ መዝጊያው ላይ አስቀመጠና፣ ሬቫን ሳያይ ወደ መኪናዋ ገብቶ በሩን ዘጋው።

አያታቸው ቀለሃዎቹን መልቀም ጀመሩ። «አንቺ ግን ነገ ትሄጃለሽ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ዓይንሽ ተከፍቷል። እኔና አንቺ እንሄዳለን።»

ሬቫ ወደ መኪናዋ አየች። ዌይሎን ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፏል። ማዶ ያለው አውራ ነገ ማለዳ ከዛፉ ሲወርድ ታያት፤ ጅራቱን ዘርግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ። ብታየው በወደደች።

«አይ» አለች። «ነገ እዚሁ እንተኩስ። ሦስታችንም።»

«ልምምዱ ለእሑድም ላይደርስ ይችላል፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

ሄዳ የመኪናዋን በር ከፈተች። ዌይሎን አላያትም። «አታናግሪኝ» አለ።

«ላናግርህ አይደለም። ጠጋ በል።»

አልተንቀሳቀሰም። ሬቫ በሩን ይዛ ቆመች። ፈርታለች፤ ግን አልሄደችም። በመጨረሻ ዌይሎን አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።