ከአፍንጫው ሲላጥ

የጫማ ሰሪው ልጅ አሁን የለጠፈችውን ጫማ አካል በአንድ እጇ፣ ሶሉን በሌላው ይዛ አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ሳበች። ንቅንቅ አላለም። ጓደኛዋም ተቀብላ ፊቷ እስኪቀላ ጎተተችው፤ ወይ ፍንክች።

ጓደኛዋ ፈጣን ሯጭ ስለሆነች ሰፈሩ ሁሉ «ጥይት» ይላታል። ከሰዓት የትምህርት ቤቱ ውድድር አለባት፤ ያላት የሩጫ ጫማ ደግሞ ይኸው ብቻ ነው፣ የቀኙ ሶል ለቋል። የጫማ ሰሪው ልጅ አባቷ ቆዳ ሊገዛ በወጣበት «እኔ እለጥፍልሻለሁ» ብላ ለጠፈችላት። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ጥይት ጉንጯን ስማ «በቃ፣ አባትሽ ሱቁን ያስረክቡሽ» ብላ ልብስ ልትቀይር ሄደች።

አባቷ ሲመለስ እየተኩራራች አሳየችው። እሱ ግን አልጎተተም። አውራ ጣቱን በጫማው አፍንጫ ሥር አስገብቶ ቀስ አድርጎ ወደ ታች ሳበ። ሶሉ ሳያንገራግር የጥፍር ያህል ተላጠ። ማስቲሹ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ጠብቃ እንደሆን ጠየቃት። አልጠበቀችም፤ ቸኩላ እርጥቡን ነው የገጠመችው።

«ስትጎትቺው ማስቲሹ በሙሉ ሸክሙን ይካፈላል» አላት፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። «ከጫፍ ሲላጥ ግን ጫፏ ላይ ያለችው ክር የምታህል መስመር ብቻዋን ትሸከማለች። እሷ ስትለቅ ቀጣይዋ ትለቃለች። ሯጭ ደግሞ በየእርምጃዋ አፍንጫውን ታጥፈዋለች፣ የኔ እመቤት።»

እንደገና ቢለጠፍ እስከ ነገ ተጭኖ መቆየት አለበት። ለጥይት የምትነግራት እሷው መሆኗን አስታውቋት ወደ ሥራው ዞረ።

ክፍተቱን በጣቷ ተጫነችው። ተመልሶ ገጠመ፤ ማንም አያየውም። ሁለት ዙር ብቻ ነው፣ ይችል ይሆናል። ጥይት ሁለት የክፍላቸውን ልጆች አስከትላ «የሠራችልኝ እሷ ናት» እያለች መጣች። ያቺን ጉረኛ እንዴት እንደምትወዳት። ሶሉ መሀል ሜዳ ላይ ተላጦ በአፍጢሟ ስትደፋ ታየቻት።

ጫማውን አልሰጠቻትም። ሁሉም እያዩ አውራ ጣቷን አስገብታ ሶሉን እስከ መሀሉ ላጠችው። ልጆቹ ሳቁ። ጥይት አልሳቀችም።

«ቸኩዬ አበላሸሁት» አለች የጫማ ሰሪው ልጅ፤ ጆሮዋ ግሏል። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀምጣ የራሷን ጫማ ክር መፍታት ጀመረች።

«በአንድ ቁጥር ይበልጥሻል» አለቻት። «ካልሲ ደርቢ።»