ስድስት ነጥብ አንድ ሴንቲሜትር

«ታዲያ በየቀኑ ከሰማይ ማይክሮዌቭ እየወረደብን ከሆነ ለምን አልበሰልንም?» አለ ዲዩ ከኋላ ወንበር። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ከሰሌዳው ፊት የቆመችው ኛኪም ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ነፍሷ ነው። «ስለቀዘቀዘ!» አለች። «አጽናፈ ዓለሙ ገና ልጅ እያለ በጣም ሞቃት ነበር። ያኔ የወጣው ብርሃን እስከ ዛሬ እየተጓዘ ነው። ግን አጽናፈ ዓለሙ እየሰፋ ሲሄድ ብርሃኑም አብሮ ተለጠጠ፣ ተለጠጠና ማይክሮዌቭ ሆነ። አሁን ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ፣ ከቅዝቃዜ ሁሉ መጨረሻ፣ በሦስት ዲግሪ እንኳ አይበልጥም። አንተን ሊያበስል ይቅርና በረዶም አያቀልጥም።»

«ጋምቤላ በረዶ ማን አይቶ!» አለ ዲዩ። እንደገና ተሳቀ።

ሰውዳ ከኛኪም ጎን ካርቶኑን ይዛ ቆማለች። ካርቶኑ ላይ ሦስት ረጃጅም የካሽ ሬጅስተር ወረቀቶች ተለጥፈዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች አሉ። ሰማዩ የኛኪም ድርሻ ነው፣ የወጥ ቤቱ ማይክሮዌቭ ደግሞ የእሷ። ተራዋ ሲደርስ ያጠናችውን እንደ ስልክ መልእክት አነበነበችው። በማይክሮዌቩ ውስጥ ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል፤ አንዳንዱ ቦታ በጣም ይግላል፣ አንዳንዱ ምንም አይሆንም። የሚሽከረከረውን ሳህን አውጥተን እርጥብ የደረሰኝ ወረቀት እናስገባለን። ይህ ወረቀት ሲሞቅ ይጠቁራል። በሁለት ጥቁር ነጠብጣቦች መሀል ያለው ርቀት የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ነው። እጥፉን ወስደን ከማሽኑ ጀርባ በተጻፈው ፍሪኩዌንሲ ስናባዛው የብርሃን ፍጥነት ይመጣል።

«ሦስት ጊዜ ሞከርን» አለች። «ሦስቱም ጊዜ ስድስት ነጥብ አንድ ሴንቲሜትር ሆነ። ሲሰላ በሰከንድ ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚጎድለው።»

የፊዚክስ አስተማሪያቸው መምህር ኩን እጃቸውን አጨበጨቡ። «ከኒውላንድ ሰፈር ወጥ ቤት የብርሃን ፍጥነት! ሰኞ ለክልሉ ውድድር የምትቀርቡት እናንተ ናችሁ። ወረቀቶቹን እስከዚያ ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ እሰቅላቸዋለሁ፤ ሁሉም ይያቸው።» የሚያሸንፉት ሁለት ተማሪዎች አዲስ አበባ ሄደው ለሦስት ሳምንት የሳይንስ ሥልጠና ያገኛሉ። ኛኪም ይህን ሥልጠና ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ስትመኘው የኖረች ናት።

ሰውዳም አጨበጨበች። ምንም አልተሰማትም።

እውነቱ ይህ ነው፤ ሙከራው አልተሠራም። አንድም ጊዜ።

ማይክሮዌቩ ከአባቷ ከኻሊድ ሱቅ የመጣ ነው። መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ከተማ ማን ማይክሮዌቭ ይገዛል? ከአየር ማራገቢያዎቹና ከፍሪጆቹ መሀል ዓመት ሙሉ አቧራ ሲጠጣ ከረመ። ከሦስት ወር በፊት የሰውዳ እናት ፈይዛ ስትሞት ግን አባቷ ተሸክሞ ቤት አስገባው። ለቅሶ ደራሹ ያመጣውን ምግብ የሚያሞቅ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የሚበላ ነገር ሁሉ ሌላ ቤት በስሎ እዚህ የሚሞቅ ነው።

ሰዎች ሰውዳን «አይዞሽ፣ ጎበዝ፣ ጠንካራ ነሽ» ይሏታል። ጠንካራ አልነበረችም። ደንዝዛ ነበር። ትበላለች፣ ትማራለች፣ ትተኛለች፤ ምኑም ምንም አይላትም።

ለሙከራው በተቀጠረው ባለፈው ቅዳሜ ኛኪም እናቷን ልትጠይቅ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ሄዳ ነበር። ሰውዳ ብቻዋን ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። መብራት ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሲመጣም ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ሰንፋ አይደለም፤ መነሳት የሚባለው ነገር ሩቅ ሆነባት። የወረቀቱን ጥቅል በእጇ ታገላብጠው ነበር። ይህን ወረቀት የባለሱቅ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በጥፍር ሲፋቅ ይጠቁራል፤ ትንሽ ሆና የአባቷ ባንኮኒ ሥር ቁጭ ብላ ስንት ጊዜ ዶሮና ዓሣ ስላበታለች። መጽሐፉ ስድስት ነጥብ አንድ ይላል። ማስመሪያ አምጥታ ስድስት ነጥብ አንድ ላይ በአውራ ጣቷ ጥፍር ፈተገች። ሦስቱን ወረቀት ለመጨረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም።

ክፍል ውስጥ አቅርበው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ኛኪም በደስታ ትዘላለች። «እናቴ ሰኞ ትመጣለች! ከጣቢያው መውጫ ፈቃድ አውጥታለች፣ ለእኔ ብላ። አንቺ ግን ምንድን ነሽ? ደስ አላለሽም?»

«ብሎኛል።»

«ፊትሽ አይልም።» ጥቂት እርምጃ ሄደችና ቆመች። «ስሚኝ፣ አንድ ነገር አለ። እኔ ሙከራውን አላየሁም። ዳኛው ‹አይተሻል ወይ› ቢለኝ ምን እላለሁ? አየሁ ብዬ አልዋሽም። ቅዳሜ ልምጣና አንድ ጊዜ አሳዪኝ።»

«ተበላሽቷል» አለች ሰውዳ። ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። «ማይክሮዌቩ ተበላሽቷል።»

«ወይኔ! በቃ፣ ለዳኛው ‹ጓደኛዬ ናት የሠራችው፣ አምናታለሁ› እላለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ኛኪም መጣች። ለሙከራው ብላ አልነበረም። አብራት የምትኖረው አክስቷ የላከችውን ዓሣ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ነው። አክስትየዋ ሥጋ ብትልክ የእርድ ነገር እንዳያስቸግር ብላ ሁልጊዜ የምትልከው የባሮ ወንዝን ዓሣ ነው።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ!» አለ ኻሊድ። «አክስትሽ መቼም አትረሳንም። መንገድ ላይ ቀዝቅዟል፣ አንድ ላይ እንበላለን።» ዓሣውን ወደ ሌላ ሳህን ገለበጠና ማይክሮዌቩ ውስጥ አስገብቶ ቁልፉን ተጫነ። የውስጡ መብራት በራ፤ ሳህኑ እያጉረመረመ መዞር ጀመረ።

ኛኪም ማሽኑን አየች። ከዚያ ሰውዳን አየች። «አሠራችሁት እንዴ?» አለች።

ማምለጫውን ራሷ ኛኪም ናት የሰጠቻት። አዎ ማለት ብቻ በቂ ነበር። ኻሊድ ግራ ተጋብቶ አንዴ ልጁን አንዴ እንግዳዋን ያያል። ሰውዳ አፏን ከፈተች፤ «አዎ» ምላሷ ላይ ነበር።

«አልተበላሸም ነበር» አለች።

አባቷ ነገሩ የልጆች መሆኑ ሳይገባው አልቀረም። ባዶውን ጎድጓዳ ሳህን አንስቶ፣ «ይሄ ባዶውን አይመለስም፤ ከሱቅ ስኳርና ተምር ላምጣ። ኛኪም፣ ሳልመጣ እንዳትሄጂ» ብሎ ወጣ። የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ለእሱ ነውር ነው።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሰውዳ ሁሉንም ነገረቻት፤ መብራቱን፣ ጥፍሩን፣ ማስመሪያውን።

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

«ፎርጅድ ነው ማለት ነው። እኔ ክፍሉ ፊት ቆሜ ፎርጅድ አወራሁ።» የኛኪም ድምፅ አልጨመረም፤ ይልቅ ቀነሰ። «እናትሽ ስትሞት እዚህ ቤት አርባ ቀን ተመላልሻለሁ። ‹አልቻልኩም፣ ነይ› ብትይኝ አልመጣም ነበር? ለምን ዋሸሽኝ?»

የሰውዳ ፊት ጋለ። አፈረች፤ በጣም አፈረች። ሦስት ወር ሙሉ ምንም ሳይሰማት ቆይቶ መጀመሪያ የመጣው ይሄ መሆኑ ነው። ያማል፤ ቢሆንም ቶሎ እንዲሄድላት አልፈለገችም።

ኛኪም ደጃፉ ላይ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። መሄድ ፈልጋለች። ግን የአክስቷ ሳህን ኻሊድ እጅ ነው፤ ያለ ሳህኑ እንዴት ትገባለች?

ማሽኑ ጮኸ። ሰውዳ ዓሣውን አወጣች። ቀጥላም የሚሽከረከረውን የመስታወት ሳህን አወጣች፤ ከበታቹ ያለውን ባለ ጎማ ቀለበትም። ከጥቅሉ ወረቀት ቀደደች፣ ውሃ ውስጥ ነክራ ካርቶን ላይ ዘረጋችው፣ አስገባች። ከሃያ ሰከንድ በኋላ አወጣችው። በጥፍሯ የሠራቻቸውን ዓይነት ልቅም ያሉ ነጠብጣቦች አይደሉም። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠማማ፣ አንዱ ደግሞ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ግማሹ ብቻ የወጣ። ማስመሪያውን አስጠግታ ለካች። ደግማ ለካች።

«ስንት መጣ?» አለች ኛኪም ሳትዞር።

«አምስት ነጥብ ሦስት።»

ኛኪም በጭንቅላቷ አሰላች፤ በዚህ ማንም አይቀድማትም። «ሁለት መቶ ስልሳ ሺህ። አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር ጎደለ።»

«አዎ።»

«የሌላው ትምህርት ቤት ልጆች የተስተካከለ ይዘው ይመጣሉ። እናቴ ከኩሌ ድረስ መጥታ ይሄን ታያለች?»

«ጠማማም ቢሆን የወጣው ይሄ ነው» አለች ሰውዳ። «ሁለት ጊዜ ይቀረናል። ከፈለግሽ አንቺ አድርጊው። ካልፈለግሽም ይገባኛል።»

ሰውዳ ስልኳን አንስታ የመምህር ኩንን ቁጥር ፈለገች። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ።

«ቲቸር፣ ሰውዳ ነኝ፣ የኻሊድ ልጅ» አለች። «ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ የሰቀሏቸውን ወረቀቶች ያውርዷቸው። ማሽኑ አይደለም የሠራቸው። እኔ ነኝ።»