ሁለቱ የቀኝ ጎማዎች

ኤፍራታ መጀመሪያ ወደ ጋራዣችን የመጣች ቀን ፊቷን አላየሁም። ያየሁት ጎማዋን ነው። ሰው ሲመጣ አንገቴን ደፍቼ ከታች መጀመር ልማዴ ነው። ጎማ አያሳፍርም።

በፈረንጆቹ 2013 ዓ.ም.፣ ኅዳር የገባ ሰሞን ነበር። ጋራዡ ቶሮንቶ፣ ኢቶቢኮ የሚባል ሰፈር፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ክፍሌ ናቸው፤ እኔ ሳህሉ ጎሚስታቸው ነኝ። በረዶ ሊጥል ሲል የቶሮንቶ ሰው ሁሉ ጎማ ለማስቀየር ስለሚሰለፍ፣ በዚያ ሰሞን ቀና ልበል ብልም ጊዜ የለኝም።

«ዓመቱን ሙሉ የማይወልቅ ጎማ ነው የምፈልገው» አለች ከበላዬ። «በረዶ ላይ የሚይዝ። ግን ደግሞ የማይጮኽ።»

«ለክረምቱ ለብቻው ብትገዢ ይሻላል» አልኩ፣ ለጎማው።

«የት አስቀምጬው? ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። በረንዳዬ ላይ አራት ጎማ ብከምር የሕንፃው ተቆጣጣሪ ጎማውንም እኔንም ነው የሚያስወጣን።»

«የማይጮኽ ያልሽውስ?»

«አባቴ አይሰሙም።»

ጋሽ ክፍሌ ከወዲያ ሳቁ። «ካልሰሙ ጎማው ቢጮኽ ምናቸው ነው፣ እናቴ?»

እሷ አልሳቀችም። «በግራ ጆሯቸው ይሰማሉ፤ ጸጥ ሲል ብቻ። በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል አመላልሳቸዋለሁ። ከዚያ እኔ ፋርማሲ ሥራ እገባለሁ፤ ስመለስ ተኝተዋል። የምንጫወተው መኪና ውስጥ ብቻ ነው። አሁን ያለው ጎማ ሲያጓራ እኔ እጮኻለሁ፣ እሳቸው ‹እህ?› ይላሉ፣ እንዲሁ እንደርሳለን።» የመኪናዋን ቁልፍ እያገላበጠች ጨመረች። «ደሴ ቴሌ ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ስንቱን ሰው ከስንቱ ሰው ያገናኙ!»

ያን ጊዜ ቀና አልኩ። ዓይኖቿ እንቅልፍ ያጡ ዓይኖች ነበሩ፤ ቢሆንም ቀጥ ብለው ነው የሚያዩት። እኔ መልሼ አቀረቀርኩ።

ሦስት ጎማ አውርጄ ፊቷ ደረደርኩ።

«ይሄ ‹ኦል ሲዝን›፣ የሁሉም ወቅት የሚሉት ነው። በስሙ አትታለዪ። ብርዱ ሲጠና እንደ ደረቀ ቆዳ ይጠነክራል፤ በረዶ ላይ ይንሸራተታል። ይሄኛው የክረምት ነው። በረዶውን ይነክሰዋል፣ ግን ይጮኻል፤ በበጋ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ይሄን ሦስተኛውን እዪው።» ጎኑ ላይ ያለውን ምልክት በጣቴ አሳየኋት፤ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ መሐሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት። «ይሄ ምልክት ያለው በበረዶ ተፈትኖ ያለፈ ነው። በጋም አይወልቅም። ጥርሱን ደግሞ እዪው፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። እኩል ስላልሆነ አስፋልቱን እኩል አይመታውም፤ ድምፁ ተበታትኖ ይጠፋል።»

«እንደ ቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን በለኛ። አንድ ላይ ጀምረው አያውቁም።»

ሳቄ አመለጠኝ።

«ሳህሉ አፍ አለው እንዴ!» አሉ ጋሽ ክፍሌ። «አራት ዓመት ሙሉ ደብቆኝ!»

«ይሄን ሁሉ የት ተማርከው?» አለች ኤፍራታ።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። እሱን መናገር አፈርኩና «እዚሁ» አልኳት።

ጎማዎቹን ስገጥም ከመስታወቱ ማዶ ቆማ ታየኝ ነበር። ሰው ሲያየኝ ደስ አይለኝም። የሷ ግን ደስ አለኝ፤ እሱ ነው የባሰው። እጄ እንደ ሌላ ቀን አልታዘዘኝም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ውስጥ መኪናዋን አየሁት። እንደ ልማዴ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

የዚያ ዓይነት ጎማ ጎኑ ላይ ቀስት አለው። ቀስቱ መኪናው ወደሚሄድበት መዞር አለበት፤ ስለዚህ ቸርኬው ላይ ሲገባ የግራውና የቀኙ ፊት ይለያያል። እኔ አራቱንም አንድ ዓይነት አድርጌ አስገብቻቸዋለሁ። የቀኞቹ ሁለቱ ቀስታቸው ወደ ኋላ ያያል። እንዲህ የገባ ጎማ ይጮኻል። ውሃውንና የላቆጠውን በረዶ ወደ ውጭ በመግፋት ፈንታ ወደ ሥሩ ይሰበስበዋል። የለማጅ ስህተት ነው። አባቷ የሚቀመጡት ደግሞ በቀኝ በኩል ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሰንበቴ ቀርቦ ነበር። ልሾልክ ስል ኤፍራታ ጠራችኝ። አጠገቧ ነጠላቸውን ያጣፉ ቀጭን ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ አባቷ ወልደ ሚካኤል ናቸው።

«ጎሚስታው ይሄ ነው?» አሉ ጮኽ ብለው፣ ራሱን የማይሰማ ሰው እንደሚያወራው። «መኪናችን አሁንም ያጉረመርማል፤ በእግሬ ይሰማኛል። አዲስ ጫማም እስኪለመድ ይጮኻል፤ አይደል?»

«አባባ! ይመርቁት አልኩ እንጂ ይውቀሱት አልኩ?»

ተነሡና እጆቼን በሁለት እጃቸው ያዙ። ማዕዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ቀና አለ። «ልጄ በሰላም እንድትነዳ ያደረገ እጅ ይባረክ። የያዝከው ይጽናልህ።»

«አሜን» አለ ቤቱ ሁሉ።

የሚመረቅ ሰው አሜን ካላለ ምርቃቱን እንደ መለሰው ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ። ግን በተገለበጠ ጎማ ምርቃት እንዴት ይወሰዳል? ከንፈሬ አልንቀሳቀስ አለ። ኤፍራታ ታየኝ ነበር። ፊቷ ቀስ እያለ ሲጠቁር አየሁት። እጄን ከእጃቸው አላቅቄ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ የእጆቻቸው ሙቀት አልለቀቀኝም።

ሰኞ ለጋሽ ክፍሌ ነገርኳቸው።

«ምን ታካብዳለህ?» አሉ። «ብሎኑን ላጥብቅልሽ ብለህ ጥራት፣ ገልብጠህ ስጣት። ማን ያያል?»

ብሎን ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና መጥበቁ ደንብ ነው፤ ስለዚህ ውሸት አይመስልም። ለረቡዕ ደግሞ በረዶ ተነግሯል። ደወልኩ። እውነቱ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። «ብሎኑ መጥበቅ አለበት» አልኳት።

«እሺ» አለች። ወዲያው ስልኩን ዘጋችው።

ማክሰኞ ከእጥበት መልስ አባቷን ይዛ መጣች። በረዶው ረቡዕን አልጠበቀም፤ መውረድ ጀምሯል። ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። መኪናዋን በክሪክ አንሥቼ የቀኞቹን ሁለቱን እንዳወለቅኩ አጠገቤ መጣች። ጓንት ይዛለች።

«አባባ ናቸው የገዙልህ። እሁድ ሲይዙህ እጅህ በረዶ ሆነብኝ ብለው። እኔማ ለኩሩ ሰው ጓንት አይገዛም ብያቸው ነበር።»

እጄን መዘርጋት አቃተኝ።

«ኤፍራታ፣ አጥፍቻለሁ» አልኩ በሹክሹክታ። «ጎማውን ገልብጬ ነው የገጠምኩት።»

ማሞቂያው አጠገብ የተቀመጡት አባቷ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «ምን አለ?»

«ጎማውን… ገልብጬ…»

«እህ? አልሰማሁም፣ የኔ ልጅ!»

የንፋስ መሙያው ሞተር ያጓራል። ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ። «ጎማውን ገልብጬ ነው የገጠምኩት! እሁድ አይቼዋለሁ! አውቄ ዝም አልኩ!»

ሞተሩ በጩኸቴ መሐል ጠፋ። «አውቄ ዝም አልኩ» የሚለው ብቻውን ጋራዡን ሞላው። ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ፤ አማርኛ የማይሰሙት ሳይቀሩ። ጋሽ ክፍሌ ግንባራቸውን ያዙ።

«እሁድ?» አለች ኤፍራታ።

«እሁድ።»

«ሲመርቁህ ታውቅ ነበር?»

«ለዚያ ነው አሜን ያላልኩት።»

«እኔ እኮ ንቆን ነው ብዬ…» ወደ አባቷ ዞር ብላ አየች። «እና ዛሬ ጠዋት በዚህ ጎማ አባቴን ይዤ ስወጣ? አንድ ነገር ብንሆንስ? ምን ነበር ብትነግረኝ?»

«እንዳትንቂኝ ብዬ ነው።»

«የናቅኩህ አሁን ነው» አለች። ጓንቱን የኋላ ወንበር ላይ ወርውራ ወደ በሩ ሄደች።

ወደ ወለቁት ጎማዎች ጎንበስ አልኩ። መሬቱ ቢከፈት ለመግባት ዝግጁ ነበርኩ።

«አንድ ጊዜ» አሉ አባባ ወልደ ሚካኤል፣ «የሠርግ ቤት ጥሪ ለለቅሶ ቤት አገናኝቻለሁ። እልልታው ተለቀቀባቸው።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «መስመሩን ነቅዬ ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ደውዬ ‹ያጠፋሁት እኔ ነኝ› አልኳቸው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። በል፣ ነቅለህ በትክክል ስካው። ሌላ ምን ይደረጋል?»

ነቅዬ ሰካሁ። እያንዳንዱን ቀስት በጣቴ እየነካሁ፣ አንዱን ሦስት ጊዜ እያየሁ። ኤፍራታ ከመስታወቱ ማዶ አልቆመችም። ጀርባዋን ሰጥታ በረዶውን ታያለች።

ስጨርስ አባቷ ከፊት ገብተው ተቀመጡና «አንተም ግባ፤ ሠሪው ራሱ ይስማው» አሉኝ። ኤፍራታ ምንም ሳትል የኋላውን በር ከፈተችልኝ። ጓንቱ እዚያው ወንበሩ ላይ አለ። ሳልነካው አጠገቡ ተቀመጥኩ።

መጋዘኖቹን ዞርን። አስፋልቱ ነጭ ሆኗል። አንድ ድልድይ ስንወርድ የትራፊክ መብራቱ ቀይ ሆነና ኤፍራታ ፍሬን ያዘች። የፊቱን ወንበር ጨበጥኩ። መኪናው ወዲያ ወዲህ ሳይል፣ መሬቱን ጨበጥ አድርጎ ቆመ። የዝናብ መጥረጊያው ካልሆነ በቀር ምንም አይሰማም። አባቷ ድካሙ ጥሏቸው ዓይናቸው ተከድኗል።

በስፖኪዮው አየችኝ። ትክ ብላ አየችኝ።

«ስንት ዓመት ሠርተሃል?»

«አራት።»

«ታዲያ እንዴት የለማጅ ስህተት ተሳሳትክ?»

በትንፋሽ ያህል ነው የመለስኩላት። «ከመስታወቱ ማዶ ቆመሽ ስለነበር። ከአንቺ ሌላ ያየሁት የለም። ቀስቱንም።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። መኪናው አልተንቀሳቀሰም። ከኋላችን ጡሩምባ ተነፋ።

«የተማርኩት ደግሞ እስከ ስድስተኛ ነው» አልኩ፣ ከጀመርኩ አይቀር ብዬ። «‹እዚሁ› ያልኩሽ አፍሬ ነው።»

«ሌላስ የደበቅከኝ አለ?»

«የለም። እሱ ይርዳኝና ከእንግዲህ ምንም አልደብቅሽም።»

«አሜን» አሉ አባባ ወልደ ሚካኤል፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ለካ ሁሉንም ሰምተዋል።

ኤፍራታ ሳቋን መያዝ አቃታትና መኪናውን አንቀሳቀሰች። እኔ ጓንቱን አንሥቼ ፊቴ ላይ ጫንኩት። ያን ሰዓት ጎማው ትንሽ፣ ትንሽ እንኳ ቢጮኽልኝ ብዬ ተመኘሁ።