ውሃ በጠፋበት ቀን የራሰው ቀሚስ

«እጅሽን አምነዋለሁ፣ አንቺን ግን አላምንሽም» አሉኝ እትዬ አስካለ ፊት ለፊት፣ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው፣ የያዛቸው በሽታ ባሰለለው ድምፃቸው፣ እኔም «ጥሩ ነው፣ የሚሰፋው እጄ ነው» አልኳቸው፣ እንዲህ ነበርን፣ አንድ ቤት ተዘግቶብን ስንከርም መከባበሩም መሳደቡም እኩል ለምዶብናል።

አሁን የማወራላችሁን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ተነስቼ ነበር የምሄደው፣ እኔ ሆሳዕና ጴንጤ ቤት ነው ያደግኩት፣ ጋኔን ካለ በጸሎት ይወጣል፣ ካልወጣ ሰውየው ሐኪም ያስፈልገዋል፣ በቃ፣ ስለ ጥላና ስለ ኮቴ ሲወራ እንቅልፌ ነው የሚመጣው፣ ይህንንም ስናገር ይደክመኛል፣ ግን ሆኗል።

ከኮሮናው ሎክዳውን በፊት ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ መሃል ከተማ መንገድ ላይ ካልሲና ቀበቶ እሸጥ ነበር፣ ያ ሲዘጋ ሂልብሮው ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ለስምንት ተኝተን እርስ በርስ ሳል ስንቆጥር፣ እትዬ አስካለ «መርፌ የምትይዝ ልጅ እፈልጋለሁ» ብለው ቤሪያ ሰፈር ስምንተኛ ፎቅ ወዳለው ቤታቸው ወሰዱኝ። የጎንደር ሰው ናቸው፣ እዚህ ሀገር ሠላሳ ዓመት የዳንሰኛ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ አንዲት የባሌት አስተማሪ ደግሞ ቲያትር ቤቱ ሲዘጋባት ተማሪዎቿን በቪዲዮ ልትቀርጽ አስባ ስድስት ቀሚስ አዛቸው ነበር፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንደነበረው ሁሉም በእጅ የተሰፋ፣ ቀረጻውም በእውነተኛ ሻማ።

«ያኔ እመቤቶቹ ወገባቸውን በዓሣ ነባሪ አጥንት አንቀው፣ ከታች እንደ ደወል ተነፍተው ነው ግብዣ የሚሄዱት» ይሉኛል ክር እየነከሱ፣ «ዳንሰኛዋም ያንኑ ነው የለበሰችው፣ እግሯ እንዲታይ ቅልጥሟ ላይ ቆረጡላት እንጂ።»

«ቅልጥሟን አሳይታ አላወገዟትም?»

«አወገዟት እንጂ፣ ከፊት ወንበር የሚይዙት ግን አውጋዦቹ ነበሩ።»

ዝላዩ እየከበደ ሲሄድ ቀሚሱም እያጠረ ጉልበት ላይ ደረሰ፣ ቀጥሎም ከጉልበት በላይ ወጣ፣ ስድስቱ ቀሚሶቻችንም በዚሁ ቅደም ተከተል ነበሩ። ጨርቁ ታርላታን ይባላል፣ እንደ ቁስል ፋሻ የሳሳ ጥጥ ነው፣ ስታርች ጠጥቶ ቀጥ የሚል፣ መድረኩ ጠርዝ ላይ ደግሞ በጋዝ የሚነድ መብራት ተደርድሮ ነበር፣ ጫፉ አንድ ጊዜ ነካ ካደረገው ልጅቷ እንደ ችቦ ናት። በኋላ እሳት የሚከለክል ነጭ ዱቄት በውሃ በጥብጠው ልብሱን መንከር ጀመሩ፣ ግን የተነከረው ይሻክራል፣ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ ከዳንሰኞቹ ብዙዎቹ እምቢ አሉ።

«ሞኞች» አልኩ።

«እስቲ አንቺን በሃያ ዓመትሽ አደብዝዤ አደባባይ ላውጣሽና እናያለን» አሉኝ።

አምስቱን ነከርኩ። አምስቱም ከባኞው ሲወጡ የወጥ ቤት ጨርቅ መሰሉ። ለመጨረሻ ያቆየሁት ስድስተኛው፣ ረጅሙ ደወል ቀሚስ፣ የናሌዲ ነበር፣ ከተማሪዎቹ አንዷ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ሊፍቱ ስለማይሠራ ስምንቱን ፎቅ በእግሯ ወጥታ፣ ማስኳ ውስጥ እያለከለከች ለልክ መጣች፣ የተነከሩትን አይታ «ሲሲ» አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ «እባክሽ የኔን እንደነዚህ አታድርጊው»። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ነው፣ ትከሻው ወረድ ያለ፣ ጀርባው ላይ ከሽቦና ከስስ ጨርቅ የተሠሩ ሁለት ትንንሽ ክንፎች ያሉት፣ አልነከርኩትም። እትዬ ሲጠይቁኝ ነክሬዋለሁ አልኩ፣ ሻማው ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው ብዬ ራሴንም አሳመንኩ፣ እመኑኝ፣ እንቅልፍም አላጣሁም።

ሐሙስ ቀን ነው። ሕንጻው ውሃ ካጣ ሁለተኛ ቀኑ፣ ቧንቧው ሲከፈት የሚተነፍሰው አየር ብቻ ነው፣ ያለን ውሃ ወጥ ቤት የተቀመጡ ሁለት ጀሪካኖች ናቸው። የናሌዲን ቀሚስ አቧራ እንዳይነካው ብዬ ከባኞው በላይ ሰቅዬዋለሁ። ምሳ በልተን እትዬ ጋደም እንዳሉ ጠብ፣ ጠብ የሚል ሰማሁ፣ ውሃ መጣ ብዬ ተደስቼ ሮጥኩ።

ቧንቧው ደረቅ ነው። የሚንጠባጠበው የቀሚሱ ጫፍ ነው።

እጄን ከተትኩበት፣ እስከ ወገቡ ርሷል፣ የጆበርግ ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ዝናብ የሌለው ደረቅ ብርድ ነው፣ ያጠባችሁት ልብስ ዞር ሳትሉ የሚደርቅበት ነው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት እትዬን ነው፣ ግን እሳቸው ያኔ በሽታው ጥሏቸው ትከሻዬን ካልያዙ ሽንት ቤት እንኳ አይደርሱም፣ ጀሪካኖቹን አየሁ፣ አፋቸውን ራሴ በፌስታል እንዳሰርኩት፣ እስከ አንገታቸው ሙሉ ናቸው። ደከመኝ፣ ማሰብም ደከመኝ፣ በረንዳ አውጥቼ አሰጣሁት፣ ሰዓት ሳይሞላ ደረቀ፣ ነጭ፣ ለስላሳ፣ መልሼ ሰቀልኩት።

ከዚያ ሎድሼዲንግ ሆነ፣ በፈረቃ የሚጠፋው መብራት ተራው ደርሶን ጠፋ። የኛ መስኮት የሌላ ፎቅ ግድግዳ ላይ ስለሚገጥም በቀትርም ይጨልማል፣ ጠረጴዛው ላይ ሻማ ለኩሼ የአንገት ጥልፍ ያዝኩ። ከመታጠቢያ ቤት ጨርቅ ሲጨመቅ ሰማሁ፣ አንሶላ የጨመቀ ሰው ያንን ድምፅ አይስተውም፣ ቀስ ብሎ ሲጠመዘዝ፣ ሲንጫጫ፣ ከዚያ ውሃው ሲፈስ። ቀጥሎ ወለሉ ላይ ቋ፣ ዝም፣ ቋ፣ በጨርቅ በተጠቀለለ ጣት እንጨት እንደመምታት ያለ። ዞር አላልኩም፣ ፈርቼ ይሁን ሰልችቶኝ ዛሬም አላውቀውም።

«ታዱ፣ ምን ታንኳኪያለሽ፣ ልተኛበት እንጂ» አሉ እትዬ ከክፍላቸው።

እሳቸውም ሰምተዋል ማለት ነው። ይህን እያሰብኩ ሻማው ጠፋ፣ ጭስ እንኳ የለውም፣ ክሩን ስነካው ርሷል። ስልኬን አብርቼ ወለሉን አየሁ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር እስከ ጠረጴዛዬ ድረስ የሳንቲም ስፋት ያላቸው እርጥብ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል፣ ተረከዝ የላቸውም፣ የጣት ጫፍ ብቻ፣ መምጫ እንጂ መመለሻ የላቸውም። እያየኋቸው ደረቁ፣ ሲደርቁም ነጭ ዱቄት ተዉ። በጣቴ አንስቼ ቀመስኩት፣ አዎ ቀመስኩት፣ ምላስ የሚያኮማትረው ያው ዱቄት ነው፣ የኛ ግን አምስተኛው ቀሚስ ላይ አልቆ ቆርቆሮውን አጥቤ ስኳር ጨምሬበታለሁ።

ቀሚሱን ሄጄ ሳየው ደረቅ ነበር፣ ማንም ሳይለብሰው ተነፍቶ ቆሟል።

ዓርብ ጠዋት የአስተማሪዋ ሾፌር ቀሚሶቹን ሊወስድ ከታች ሲደውል፣ እትዬ በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ተነስተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ናሌዲ ማስኳ ውስጥ ስታለከልክ በሐሳቤ ታየችኝ።

«ስድስተኛውን አልነከርኩትም» አልኳቸው፣ «ዋሽቼዎታለሁ፣ ልጅቷ ሻማ አጠገብ እንዳትለብሰው።»

«መቀስና ክብሪት አምጪ» አሉ።

ከቀሚሱ የውስጥ እጥፋት ቀጭን ቁራጭ ቆረጡ፣ በመርፌ ወጉት፣ ክብሪቱን አስጠጉ። ጫፉ ጠቆረ እንጂ አልነደደም። ከሌላ ቦታ ቆርጠው ደገሙ፣ ክብሪቱ ነድዶ ጥፍራቸው ጋ ደረሰ፣ ጨርቁ እምቢ አለ።

«ምን ሆነሽ ነው በራስሽ ላይ የምትዋሺው?» አሉኝ።

«አሁን አልዋሸሁም።»

«ነክረሽዋል፣ ያውም ነጭነቱ ሳይሄድ፣ ስንት ዘመን ሞክሬ ያልሆነልኝን» አሉ፣ ያን ቀን ብቻ ሳቃቸውን አየሁ፣ «አምስቱን ደግሞ እንደዚሁ አድርጊልኝ፣ ለሾፌሩ ሰኞ ና እለዋለሁ፣ ሥራሽንም ቆሜ አያለሁ።»

«እትዬ፣ እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ምንም ጨርቅ ካልተሰቀለበት መታጠቢያ ቤት ጠብ አለ። እሳቸው እንዳልሰማ ሰው መርፌውን ከቁራጩ ነቀሉ።

እዚያ ቤት ሌላ ሌሊት አላድርም ብዬ አንዱን ጀሪካን ወንበራቸው አጠገብ አስጠግቼ የፌስታሉን እስር አላላሁላቸው፣ ለፊት ለፊት ጎረቤታችን ቁልፉን ሰጥቼ «አደራ፣ ገና አልጠነከሩም» አልኳት፣ የናሌዲን ቀሚስ ሳጥን በአንድ እጄ፣ ቦርሳዬን በሌላው ይዤ ስምንቱን ፎቅ ወረድኩ፣ ሳጥኑን ለሾፌሩ አስረከብኩና ወንድሜ እስፓዛ የምትባል ትንሽ ሱቅ ወደከፈተበት ወደ ኮዝሞ ሲቲ የሚሄደውን ታክሲ ተሳፈርኩ።