ዜማ የተባለችው ዓሣ

ዜማን እንደዚያች ዓሣ ግራ ያጋባት ነገር የለም።

ሕዝቅኤል ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የጣናን ዓሣ የሚያጠና የማስተርስ ተማሪ ነው። አንድ ጠዋት በአጥማጆች መረብ ውስጥ ከንፈረ ወፍራም ዓሣ አየ፤ ሳይንስ ገና ስም ያላወጣላት መሰለው። ለጥናቱ የሚስልለት ሲፈልግ ሰዎች ከፋሲሎ ሰፈሯ ሰዓሊ ከዜማ ጋር አገናኙት። እሷ ቅርፊቱን ስትስል እሱ እጇን ያያል። ቀና ስትል ቶሎ ብሎ ዓሣዋን ያያል።

«ሳይንሳዊ ስሟን በአንቺ ስም ላወጣው ነው» አላት አንድ ቀን።

ልቧ ዘለለ። «ለምን በራስህ አታወጣውም?»

«በራስ ማውጣት ነውር ነው። በረዳህ ሰው ግን ይቻላል።»

በረዳህ ሰው! ታዲያ ይሄ ፍቅር ነው ምስጋና? ጓደኛዋን እናትዓለምን ጠየቀቻት።

«አንቺ፣ የወደደሽማ አበባ ይሰጥሻል እንጂ ዓሣ ያደርግሻል?»

ባሰባት።

ከዚያ ሕዝቅኤል ድምፁ ጠፋ፤ ስልክም አያነሳም። በዚሁ መሀል ባንክ የሚሠራው አስናቀ ሊያገባት እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ነው ተባለ። አባቷ ቄስ ወልደ ጻድቅ፣ «መልስሽን አስቢበት ልጄ» አሏት። ምኑን ታስበው?

ዓርብ ሐይቁ ዳር አገኘችው።

«የት ጠፋህ?»

«አፈርሁ፣ ዜማ። ዓሣዋ ለካ ድሮ ስም ወጥቶላታል። ያንቺ ስም ወደቀ።»

«እና እኔስ አብሬ ወደቅሁ?»

ዓይኑን ወደ ሐይቁ መለሰ። ውሃው ደንገሉን እያወዛወዘ ነው።

«አስናቀ እሑድ ሽማግሌ ይልካል» አለችው።

ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔኮ... ቀድሜ ያየሁሽ እኔ ነኝ።»

«የዓሣ ስም ሲወጣ ቀድሞ ማየት አይቆጠርም፣ ቀድሞ ለዓለም ያሳወቀው ነው የሚጸናለት ያልኸኝ አንተ አይደለህ?»

 ከዚያ ምን እንደነካው እንጃ፣ «እወድሻለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ታንኳቸውን የሚያስሩ አንድ አዛውንት ዞር አሉ።

«ሰምተዋል ጋሼ?» አለች ዜማ።

«እንዴት አልሰማ! ከሐይቁ ማዶ ጎርጎራ ድረስ ተሰምቷል።»

ትሳቅ ታልቅስ ግራ ገባት። ሕዝቅኤል ግን ግራ መጋባቱን የተወው መሰለ።

«የአስናቀ ሽማግሌዎች እሑድ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ ከቅዳሴ በኋላ።»

«የኔ ነገ ይመጣሉ።»

«ማንን ልትልክ?»

ታንኳ ወደሚያስሩት አዛውንት ዞረ።

«ጋሼ፣ ነገ ሥራ አለብዎ?»