ጠልቆ የበረረው ሰው

አውሮፕላኑ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ጡረተኛ «ትከሻዬን አመመኝ» አሉ። ባለቤታቸው የመቀመጫው ጥበት ያመጣው ድካም መስሏቸው አሹላቸው። ቀጥሎ «እግሮቼ አልታዘዝ አሉኝ» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አላሉም። ተሳፋሪው ቀበቶውን ፈትቶ ሻንጣውን ማውረድ ሲጀምር፣ ሰውየው ጭንቅላታቸውን መስኮቱ ላይ ጥለው ሞተው ነበር።

ሐኪሙ ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገረም። ሟቹ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የአየር ጋን አዝለው ባሕር ውስጥ ጠልቀዋል። ወደ ጥልቅ የወረደ ሰው ደሙ ውስጥ አየር ይጠራቀማል፤ ያ አየር ቀስ ብሎ እስኪወጣለት አንድ ሙሉ ቀን ምድር ላይ መቆየት አለበት። ሳይጠብቅ ሰማይ ላይ ከወጣ፣ ክዳኑ ድንገት እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ደሙ አረፋ ይሞላል።

ይህን በዚያ ከተማ ከጉዞ አማካሪዋ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። በወጣትነቷ የመርከብ አስተናጋጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ በፎቶ ቤትና በጫማ ጠጋኝ መካከል ሁለት ክፍል ተከራይታ፣ በአየርና በባሕር ለሽርሽር የሚሄዱ ሰዎችን ስታማክር ኖራለች። መርከብ ለሚያስመልሰው መሀል ላይ ያለውን ዝቅተኛ ክፍል ትመርጥለታለች። ረጅም በረራ ላለበት፣ እየተነሳ እግሩን እንዲያፍታታ፣ መድኃኒቱን ከእጅ ቦርሳው እንዳይለይ ትነግረዋለች። ደንበኛው ብድግ ሲል ደግሞ የበሩን እጀታ እንደያዘች «ከጠለቃችሁ፣ ቀን ሳይሞላ እንዳትበሩ» ትላለች። ይህን ሳትል የሸኘችው ሰው የለም።

የሟቹ ባለቤት ግን ለፖሊስ «ደውለን ጠየቅናት፤ ይብረሩ አለችን» ብለው ቃላቸውን ሰጡ።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ተዳረሰ። ደንበኞቿ አንድ ባንድ ሸሹ። አንድ ጠዋት በመስታወቱ በር ላይ በኖራ «ገዳይ» ተብሎ ተጽፎ አገኘችው፤ ጫማ ጠጋኙ እያየ በእርጥብ ጨርቅ አጠፋችው። ያም ሆኖ ከሰው ክስ ይልቅ የጎዳት የራሷ ነገር ነበር። አላልኩም ብላ መማል አቃታት። በዚያ ሰሞን ስልኩ ፋታ አይሰጥም፤ እናቷ ታመው ስለነበር ደግሞ እሳቸውን ስታስታምም እያደረች ነበር የምትገባው። ብዬ ይሆን? እያለች ራሷን ትጠይቃለች። እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር አለ።

ያጽናናቻት ታላቅ እህቷ ብቻ ነበረች። አንዲት ልጇን ውሃ ከወሰደባት ወዲህ እዚሁ ቢሮ ከእሷ ጋር ትሠራለች፤ ስልክ ታነሳለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች። «ብትይስ ሚጡ፣ ሰው አይደለሽ? ደክሞሽ ነበር። ብለሽው ረስተሽው ይሆናላ» እያለች ጀርባዋን ታሸት ነበር። አማካሪዋም እያደር አምና ተቀበለችው። ገድያለሁ ብላ ራሷን ለማስያዝ በተዘጋጀችበት ቀን መርማሪው መጣ።

ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል። ሰው ሲያናግር ዓይኑን ጨፍኖ ነውና፣ የማያውቀው ሰው ተኝቷል ብሎ ይናደዳል። ወፍራም ነው፤ ሲቀመጥ ወንበሩ ይጮኻል። እንደተቀመጠ ስለ ሟቹ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ እሱና ሚስቱ ለዕረፍት ወደ ደሴት መሄድ ቢፈልጉ ምን እንደምትመክራቸው ጠየቃት። ግራ ገባት፤ ቢሆንም አፏ የለመደውን መናገር ጀመረ። ስለ ክፍሉም፣ በበረራ ስለሚመጣው የጆሮ ሕመምም፣ ስለ ሻንጣውም ነገረችው። በመጨረሻም ሳይጠይቃት «ከጠለቃችሁ፣ ቀን ሳይሞላ…» ብላ ድምጿ ተቆረጠ። ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

ጆሮ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«ለሟቹ ይህን ነግረዋቸው ነበር?»

«መጀመሪያ ሲመጡ ነግሬያቸዋለሁ። መጥለቅ እንደሚማሩ ስላወቅኩ፣ መመለሻቸውን በመርከብ ያደረግኩትም ለዚሁ ነው።»

«በስልክ ሲደውሉልዎትስ?»

«አላስታውስም።»

«አላልኩም ለምን አይሉም?»

«እውነቱን ስለማላውቀው።»

መርማሪው ራሱን ነቀነቀ። ሟቹ ሥራቸው ምን እንደነበረ ጠየቃት፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነው ጡረታ እንደወጡ ነግረውኛል አለችው። ምን እያለች ትጠራቸው እንደነበር ሲጠይቃት ደግሞ፣ ጋሼ እያልኩ ነበር አለችው። ቀጥሎ ሌሎቹን እዚሁ ቢሮ እንደሚያነጋግርና እሷም ከጎኑ እንድትቀመጥ ነገራት።

መጀመሪያ የገባችው እህቷ ናት፤ ሻይ ይዛ። ረቡዕ ከሰዓት፣ ስልኩ ተደወለ በተባለበት ሰዓት፣ አየር መንገዱ ቢሮ ተልካ እንደነበርና አማካሪዋ ብቻዋን እንደቆየች ተናገረች። አማካሪዋ ቀና አለች። በዚያው ሰሞን ሁለት አዲስ ተጋቢዎችን በውስጠኛው ክፍል ረጅም ሰዓት ስታማክር መቆየቷን ታስታውሳለችና፣ ቀኑ ረቡዕ አልነበረም ወይ ብላ እህቷን ጠየቀቻት። እህቷ በርኅራኄ እያየቻት፣ እነሱ ሐሙስ ነው የመጡት አለች። አማካሪዋ አንገቷን ደፋች። የቀረቻትም ቅንጣት ተስፋ በዚያች ቃል ተነነች። ጆሮ እህትየዋን ሟቹን ታውቃቸው እንደነበር ጠየቃት፤ እንደማንኛውም ደንበኛ ሲገቡ ሲወጡ አይቻቸዋለሁ አለችው።

ሁለተኛው ተጠያቂ ከደሴቱ የተጠራው የጠላቂዎች አሠልጣኝ ነው። ጠይም፣ ጸጉሩ በጨውና በፀሐይ የተቃጠለ ጎልማሳ ሲሆን፣ ፈቃዱ ስለታገደ ከሥራ ውጪ ሆኗል። ሟቹ መጀመሪያ ውሃ ሲያዩ ይንቀጠቀጡ እንደነበር ተናገረ። ይተዉት ብሎ ቢለምናቸውም እምቢ አሉት፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ ይወርዱ ነበር። በመጨረሻው ቀን ከሁሉም ቀን በላይ በጥልቀት ወረዱ። እንዳይበሩ አስጠንቅቄያቸዋለሁ፤ እሳቸውም በመርከብ ነው የምመለሰው አሉኝ አለ። ይህን የሰማለት ሰው ግን አልነበረም።

መጨረሻ የገቡት የሟቹ ባለቤት ናቸው። አማካሪዋን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ሲሄዱ ማዕበል መቷቸው ክፉኛ ስላስመለሳቸው፣ ዳግመኛ መርከብ አልረግጥም ያሉት እሳቸው መሆናቸውን ደረታቸውን እየደቁ ተናገሩ። ባላቸው ግን አሠልጣኙ የነገራቸውን አስበው ፈሩ። እንጠይቅ ብለው ወደ አማካሪዋ ቢሮ ደወሉ። ጆሯቸው ስለሚከብዳቸው ስልኩን በድምጽ ማጉያው ነበር የሚያወሩት።

«ቃል በቃል ምን አለች?» አለ ጆሮ።

«አይዞዎት መምህር፣ እሱ ሥራቸው መጥለቅ ለሆነ ሰዎች ነው የሚባለው፤ ጠዋት ይብረሩ አለች።»

አይዞዎት የአማካሪዋ የዘወትር ቃሏ ናት፤ ማንንም ስታጽናና ከአፏ አትጠፋም። መርማሪው ሴትየዋን እንዲደግሙለት ጠየቃቸው፤ ደገሙለት። ሦስተኛም አስደገማቸው። ከዚያ ለብቻቸው ወደ ኮሪደሩ ይዟቸው ወጣ፤ በሩ ተዘግቶ ረጅም ሰዓት ቆዩ። አማካሪዋ እዚያው ተቀምጣ፣ እናቷን ማን ያስታምም ይሆን እያለች ታስብ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በፊተኛው ክፍል ሰበሰባቸው። ሚስትየው መስኮቱ ዘንድ፣ አሠልጣኙ በሩን ተደግፎ፣ እህትማማቾቹ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጆሮ ያን ቀን ዓይኑን አልጨፈነም።

«ከአሠልጣኙ ልጀምር» አለ። «አላስጠነቀቀም ተብሎ ነው የታገደው። እንግዲህ ሟቹ ደውለው ልብረር ወይ ብለው የጠየቁት ለምንድን ነው? ማንም ባያስጠነቅቃቸው ኖሮ ዝም ብለው ይሳፈሩ ነበር። የጠየቁት አሠልጣኙ የነገራቸውን አስበው መሆኑን ባለቤታቸው ትናንት መስክረዋል።»

አሠልጣኙ በበሩ ላይ ተንሸራቶ መሬት ተቀመጠ።

«እርስዎንም ጠርጥሬዎት ነበር» አለ ወደ ሚስትየው ዞሮ። «በአውሮፕላን እንሂድ ያሉት እርስዎ ነዎት። ባልዎን ሊገድሉ ያሰቡ ቢሆን ግን ደውሎ የሚጠይቅን ሰው ዝም ብለው አያዩም ነበር፤ መልሱ አትብረሩ ቢሆንስ? ስለዚህ የሰሙትን ነው የነገሩን። አንድ ነገር ግን ሰምተው አላስተዋሉም፤ ዕድሜ ልክዎን የለመዱት ስለሆነ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ባልዎን መምህር አለቻቸው።»

ሴትየዋ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ።

«ትናንት ኮሪደሩ ላይ እንደነገሩኝ፣ ሟቹ መምህርነታቸውን ይደብቁ ነበር። እዚህም ሆነ ደሴቱ ላይ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ ነው ያሉት። አማካሪዋ የምትጠራቸው ጋሼ ብላ ነው። እንግዲያው መምህር ያለቻቸው ሴት ከድሮ የምታውቃቸው ናት። ለእሷ ከዚያ ሌላ ስም አልነበራቸውም፤ ሳታስበው አመለጣት።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አዲስ ተጋቢዎቹን ፈልጌ አገኘኋቸው። እዚህ የመጡት የጋብቻ ወረቀታቸውን ከማዘጋጃ ቤት በተቀበሉበት ዕለት ነው፤ ረቡዕ። አማካሪዋ ከእነሱ ጋር ውስጥ ተቀምጣ ሳለ እዚህ ስልክ ሲጮህና ሌላ ሴት ስታነሳ ሰምተዋል። አማካሪዋ ከወንበሯ አልተነሳችም። አየር መንገዱ ቢሮም ጠየቅኩ። እህትየዋ የሄደችው ሐሙስ ነው። ሁለቱን ቀናት ቦታ አለዋወጠቻቸው። የእህትማማች ድምጽ ደግሞ በስልክ ይመሳሰላል።»

አማካሪዋ ወደ እህቷ ዞረች። እስካሁን ተሳስተሃል የሚለውን ቃል ከእህቷ አፍ እየጠበቀች ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አላት ጆሮ እህትየዋን፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጅዎ የሞተችው በትምህርት ቤት ሽርሽር፣ ሐይቅ ውስጥ ነው። ይዟቸው የሄደው መምህር እኚህ ነበሩ?»

ያኔ አማካሪዋ ባሕር ላይ ነበረች። ከመርከብ ስትወርድ ሕፃኗ ተቀብራ ነው የደረሰችው፤ መምህሩን በዓይኗም በስምም አታውቀውም። እህቷ ያንን ሰው ስሙን ጠርታው አታውቅም።

«አላወቀኝም» አለች እህትየዋ። የምትናገረው ለመርማሪው አልነበረም። «እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ሻይ ሰጠሁት። ፊት ለፊቴ ከውሃ ሥር መውረድ እፈልጋለሁ ብሎ ሳቀ። ልጄን ከውሃ ሥር ጥሎ የመጣ ሰው፣ ለመዝናኛ ውሃ ሥር ሊወርድ። እጄን ይዞ አመሰገነኝና ወጣ፤ አላወቀኝም። ስልኩ ሲጮህ ምንም አላቀድኩም ነበር። ጠየቀኝ። መለስኩለት።»

«እኔንስ?» አለች አማካሪዋ። «አንቺው ነሽ ያልሽው ስትዪኝ የከረምሽው? እትዬ፣ እኔንስ?»

ያኔ ሚስትየው ከተቀመጡበት ተነሡ። ይጮኻሉ ብሎ ሁሉም ጠብቆ ነበር፤ የተናገሩት ግን ቀስ ብለው ነው። ባላቸው ያኔ ዋና አያውቁም ነበር። ልጅቷ ስትሰምጥ ተከትለው ገብተው፣ ሊሰምጡ ሲሉ ነው ዓሣ አጥማጆች ያወጧቸው። ከዚያ ወዲህ ማስተማር ትተው መዝገብ ቤት ገቡ፤ ሐይቅ ባለበት መንገድ አያልፉም ነበር። ጡረታ ሲወጡ ግን ሳልሞት አንዴ እስከ ታች ወርጄ ማየት አለብኝ አሉ። ሲስቁ ያየሻቸው ፈርተው ነው፤ ሲፈሩ ይስቁ ነበር አሏት።

እህትየዋ ራሷን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች አልቀበልም አለች። ኮሪደሩ ላይ ሲጠብቁ የነበሩ ፖሊሶች ገብተው ይዘዋት ወጡ።

አሠልጣኙ ፈቃዱ ተመለሰለት። ደንበኞችም ቀስ በቀስ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ አንዳንዶቹ አፍረው፣ አንዳንዶቹ ለማየት። አማካሪዋ ለአንድ ወር ቢሮውን ዘጋች። ለእናቷ፣ ታላቅሽ የት ጠፋች ሲሏት፣ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዳለች አለቻቸው። ውሸቱን እየጨመረች በየቀኑ አዲስ ወደብ ትፈጥርላቸው ነበር።

ሳምንታት አልፈው ወደ እስር ቤቱ ሄደች። ልትሰድባት አስባ ነበር የወጣችው፤ ሹራብና ሳሙናም ይዛላት ነበር። እህቷ ከሽቦው ማዶ ቀጥና፣ ጸጉሯ ተቆርጦ ተቀምጣለች። ይቅርታ አልጠየቀችም። ስለ እናታቸውም አልጠየቀችም። ድምጿ እንደተኛ ሰው ድምጽ ነበር።

«ያ አሠልጣኝ ምን አለ? መምህሩ ታች ደርሶ ነበር?»

አማካሪዋ ይህን ራሷ አሠልጣኙን ጠይቃው ነበር። ሟቹ በመጨረሻው ቀን የባሕሩ ወለል ላይ ተንበርክከው፣ አሸዋውን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ አሠልጣኙ በእጁ ይውጡ ብሎ እስኪጠቁማቸው ድረስ አልተነሱም።

«ደርሶ ነበር» አለቻት።

እህቷ ግንባሯን ሽቦው ላይ አሳረፈች። ጠባቂዋ ሰዓት አልቋል ስትል ሁለቱም አልሰሟትም።