ማንም ያላስነሳው ትራክተር

ኦይቫ በገዛ መጋዘኑ ውስጥ፣ በአባቱ አሮጌ ትራክተርና በድንጋዩ ግድግዳ መካከል ተጣብቆ በሞተ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሊንቱላ መንደር ጥፋተኛውን አግኝቶ ጨርሶ ነበር። ጥፋተኛዋ ልጁ ሄልካ ናት ተባለ። ትናንት ትራክተሩን ወደ መጋዘን ያስገባችው እሷ፣ ማርሽ ውስጥ ትታው የወጣችው እሷ። ጠዋት አባትየው ሞተሩን ሲያስነሳ ዘለለበት፤ በቃ። ፊት ለፊት ማንም ክፉ አልተናገራትም። በዚህ የፊንላንድ ገጠር ሰው ሲኮነን ጎረቤቱ ሰላምታውን ያሳጥራል፤ በዚያ ጠዋትም የሄልካን አጥር ያለፈው ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር የሚያልፈው። ሰው ለመኮነን እንዲህ የሚቸኩል መንደር ያናድዳል።

መርማሪ ኢንከሪ ስትደርስ ሐኪሙ ትራክተሩን ሳያነቃንቅ አስከሬኑን በጎን አውጥቶ፣ ጨርሶ መርምሮ ነበር።

«የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈንክቷል» አላት፤ «ግን እሱ አይገድልም። ራሱን ያስተው ይሆናል እንጂ። የገደለው ደረቱ ላይ ያረፈው ክብደት ነው።»

ኢንከሪ ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ቁጡ፣ ወለል ሳታይ ግድግዳ የማታይ ሴት። መጀመሪያ ያየችው ከትራክተሩ ፊት ሳይሆን ከሆዱ ኋላ ያለ አዲስ የዘይት ጠብታ ነበር። ትራክተሩ ዘይቱን ካንጠባጠበበት ቦታ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ግድግዳው ሄዷል። የኋላ ጎማዎቹ አቧራው ላይ የተዉት መስመር ለስላሳ ነው፤ የተቧጨረ ነገር የለም። ካምቢዮው አንደኛ ማርሽ ላይ ነው። ሦስቱንም በማስታወሻዋ ጻፈች።

በሩ ላይ ታርሞ ቆሟል። ከከተማ መጥቶ ሁለት ቤት ዘልሎ የሚኖር፣ ጎበዝ የኮምፒውተር ሰው ነው። ሞቱን ያየው እሱ ብቻ ነው።

«እስቲ ይንገሩኝ።»

«እዚሁ በሩ ላይ ነበርኩ። ኦይቫ ከጎን ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ አስነሳው። ማርሽ ውስጥ ነበር፤ ዘለለ። ደንግጦ ሊያቆመው ፊቱ ገባ። ግትር ሽማግሌ! ትራክተር በእጅ ይቆማል?»

«ከዚያስ?»

«ሞተሩ ታንቆ ጠፋ። እኔም ሮጬ ስልክ ደወልኩ።»

«የነኩት ነገር አለ?»

«ምንም። ጣቴን አላሳረፍኩበትም።»

ጎረቤቱ ያልማሪ ደግሞ ሳትጠይቀው ነው መጮህ የጀመረው። ከኦይቫ ጋር በድንበር ቦይ ምክንያት ለስድስት ዓመት ተኮራርፈዋል።

«እኔን ነው የምትጠረጥሪው አይደል? በቦዩ ተጣልተናል፤ አዎ! ግን ትናንት ዝናብ ሲመጣ ልጅቷ ትራክተሩን እናስገባው ብላ ስትለምነኝ እምቢ አላልኩም። አባቷ ከተማ ሐኪም ጋ ነበር። በራሴ ትራክተር ከኋላ ገፋሁላት፤ እሷ መሪ ያዘች።»

«ለምን አስነስታችሁ አልነዳችሁትም?»

«ማን ያስነካናል? ከእሱ በቀር ያንን ብረት ያስነሳ ሰው የለም። እንዴት እንደሚነሳ እንኳ አሳይቶን አያውቅም።»

«ማርሽ ውስጥ ያስገባችው ለምንድነው?»

ያልማሪ ቆቡን አወለቀ። «ወለሉ ወደ ግድግዳው ያዘነብላል። የእጅ ፍሬኑም ከሞተ ቆየ። እንዳይንከባለል ማርሽ አስገቢው ያልኳት… እኔ ነኝ።»

«ይህን ለመንደሩ ተናግረዋል?»

ያልማሪ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«እርስዎ እኮ የሰባ ዓመት ሰው ነዎት!» አለች ኢንከሪ። «ልጅቷ ጠዋቱን ሙሉ ስትታኘክ አፍዎን ዘግተው ቆሙ?» ትታው ሄደች።

ሄልካ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በካልሲዋ ቆማ፣ የታጠበውን ስኒ መልሳ ታጥባለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ሳትዞር። «ይጻፉትና እንገላገል።»

«የምጽፈውን የምመርጠው እኔ ነኝ፤ አንቺ አይደለሽም። አባትሽ ሰሞኑን ምን ይሠራ ነበር?»

ሄልካ እጇን አድርቃ ወደ ኮምፒውተሩ ወሰደቻት። ኦይቫ ሦስት ክረምት ያሳለፈበት ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቹ ከቁርጥራጭ ብረትና ከቡሎን ተነስቶ የፈለገውን ተሽከርካሪ ይገጣጥምበታል። ኦይቫ መጋዘን ገብቶ የአባቱን ትራክተር ቡሎን በቡሎን ይለካና በወረቀት ይጽፋል፤ ታርሞ ወረቀቱን ይዞ ጨዋታው ውስጥ ይገጥመዋል። ቅዳሜ፣ በበጋው አጋማሽ በዓል፣ ለመንደሩ ሁሉ በትልቅ ስክሪን ሊያሳዩት ነበር።

ኢንከሪ ተቀመጠች። ግራጫው ትራክተር፣ የተጎረበጠ ኮፈኑ ሳይቀር፣ ስክሪኑ ላይ ቆሟል። አንደኛ ማርሽ አስገባችና ከመሪው ሥር ያለውን ቀይ የማስነሻ ቁልፍ ተጫነች። ትራክተሩ ዘሎ አጥር ደረመሰ።

ሄልካ ፊቷን ሸፈነች። «ልክ እንደዚህ ነዋ!»

ኢንከሪ ከኪቦርዱ ሥር በኦይቫ እጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት አግኝታ እያነበበች ነበር። «ሁሉም ልክ ነው፤ ማስነሻው ግን ውሸት ነው። ውሸት ያለበትን ነገር በአባቴ ስም አላሳይም። ነገ ጠዋት ለታርሞ እነግረዋለሁ።»

ወደ መጋዘኑ ተመለሰች። ከመሪው ሥር፣ ከዳሽቦርዱ ላይ፣ ከመቀመጫው በታች በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ የካምቢዮው እግር ላይ የተቀረጹትን ምልክቶች በመሀረቧ ጠርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ አንድ በአንድ አየቻቸው። ቀና ስትል ፊቷ በንዴት ቀልቷል።

ታርሞን፣ ያልማሪንና ሄልካን መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አጥሩ ላይ የተደገፈው የመንደር ሰውም እንዲሰማ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች።

«ታርሞ» አለች፤ «ከጎን ቆመው ያስነሱልን። ኦይቫ እንዳደረገው።»

«ምን ለማለት ነው?»

«ያስነሱት ነው ያልኩት።»

ታርሞ ቀረበ። እጁ ሳያመነታ ከመሪው ሥር ገባ። ፈለገ። ወደ ግራ ሄደ፤ ወደ ቀኝ ተመለሰ። መጋዘኑ ውስጥ የጣቱ ኮሽታ ብቻ ይሰማል።

«ቀዩን ቁልፍ እየፈለጉ ነው?» አለች ኢንከሪ። «የለም። ኖሮም አያውቅም። ቁልፉ ያለው እርስዎ ጨዋታ ውስጥ በገጠሙት ትራክተር ላይ ነው። ይህኛው የሚነሳው በራሱ በካምቢዮው ነው። ምልክቶቹን ተመልከቱ፤ ሦስት ማርሽ፣ አንድ የኋላ፣ አምስተኛው ማስነሻ። ለማስነሳት ካምቢዮው መጀመሪያ ከማርሽ መውጣት አለበት። ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሊነሳ አይችልም፤ የሠሩት ሰዎች ሆን ብለው እንዲህ አድርገውታል፤ ገበሬ እንዳይሞትበት!»

ያልማሪ አፉን ከፈተ።

«ስለዚህ ማንም ያላስነሳው ትራክተር አልዘለለም። ዘልሎ ቢሆን የኋላ ጎማው ወለሉን ይቧጭር ነበር። በዝግታ ተንከባሎ ነው የሄደው፤ ለመንከባለል ደግሞ አንድ ሰው ከማርሽ ማውጣት ነበረበት። እኔ ስደርስ ግን ካምቢዮው አንደኛ ላይ ነው። ማን መለሰው? ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ሰው እጁ እስከ መቀመጫው አይደርስም። እዚህ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ጣቴን አላሳረፍኩም ያልከውም አንተ።»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዷን ሁሉም ሰማ።

«ጠዋት ሥራህን ለበዓሉ እንደማያሳየው ነገረህ። ገፈተርከው፤ ራሱ ግድግዳውን መታ። በዚህ ብታበቃ በሕይወት ነበር። አንተ ግን ማርሹን አወጣህ፤ ራሱን በሳተ ሰው ላይ ትራክተር ለቀቅህ፤ ከዚያ ጥፋቱ ልጁ ላይ እንዲወድቅ ማርሹን መልሰህ አስገባህ።»

«ሦስት ክረምት!» ታርሞ ጮኸ። «ሦስት ክረምት ዓይኔ እስኪጠፋ! መቶ ጊዜ አፍርሼ ገጠምኩለት! ለአንዲት ቁልፍ ብሎ ሁሉንም ሊጥለው! ምኑ ነው ውሸቱ ብዬ…»

«ጠየቅከው?»

ታርሞ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«አልጠየቅከውም» አለች ኢንከሪ። «ብትጠይቀው ያሳይህ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ይህ መቀመጫ ላይ አልወጣህም።»

ከኢንከሪ ጋር የመጡት ፖሊሶች ታርሞን ይዘውት ሲወጡ አጥሩ ላይ የነበረው ሰው መንገድ ለቀቀ። ያልማሪ ተከትሏቸው ወጣና ድምፁ እየተሰባበረ «ማርሽ አስገቢው ያልኳት እኔ ነኝ! ሰማችሁ? እኔ ነኝ!» እያለ በመንደሩ ሰው ላይ ጮኸ። ሁሉም ሰማው።

ሄልካ ከትራክተሩ አጠገብ አልተነቃነቀችም።

«እኔ እኮ ግን ማርሽ ውስጥ ትቼዋለሁ» አለች።

«ትተሽዋል። ማዘንበሉ ላይ ይዞ ያቆመው እሱ ነው። ያ ሰው እስኪያወጣው ድረስ አባትሽን የጠበቀው አንቺ ያስገባሽው ማርሽ ነው።»

ሄልካ ያልማሪን ከውጭ ጠርታ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ እንዲያስገባላት ጠየቀችና መቀመጫው ላይ ወጣች። ካምቢዮውን ከአንደኛ አውጥታ ወደ አምስተኛው ምልክት ገፋችው። ሞተሩ ሁለቴ አጉረመረመና ተነሳ። እሷም መሪውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው።